አእምሯዊ ኢምፓቲ፦ የሰውን ልብ የማወቅ ችሎታና ጥናቱ

አእምሯዊ ኢምፓቲ ሰው የሌላውን ሐሳብ፣ ፍላጎትና ግምት የሚረዳበት ችሎታ ነው። በአማርኛ የጸና ስያሜ አላገኘም። «ርኅራኄ» እንዳንለው ርኅራኄ የአንጀት ነገር ነው፤ ይህኛው ግን አንጀት ሳይራራም ይኖራል። የገዢውን ችኮላ ከፊቱ አንብቦ ዋጋ የሚቆልል ነጋዴ ችሎታው ሞልቶ ተርፎታል። ስለዚህ እዚህ የባዕዱን ቃል እንዳለ ወስደናል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።

ቃሉ የተወለደው ከሥነ ጥበብ ነው። ጀርመናዊው ሮበርት ፊሸር በ1873 ተመልካች በሚያየው ቅርጽ ውስጥ ስሜቱን እንዴት እንደሚያሰርጽ ሲጽፍ «አይንፉሉንግ» አለው። ቴዎዶር ሊፕስ ቃሉን ሰው ሰውን ወደሚረዳበት መንገድ አሻገረው፤ የሥነ ልቦና ምሁሩ ኤድዋርድ ቲችነር ደግሞ በ1909 «ኢምፓቲ» ብሎ ወደ እንግሊዝኛ አስገባው። ከዚያ በኋላ ካሉት አስርት ዓመታት የሚጠቀሰው የስዊዘርላንዱ የልጆች አስተሳሰብ ተመራማሪ ዣን ፒያዤ የሦስት ተራሮች ምስል ጠረጴዛ ላይ አቁሞ «ማዶ የተቀመጠው ምን ይታየዋል?» እያለ ሕፃናትን የጠየቀበት ሙከራ ነው።

ዘመናዊው ጥናት የተነሣው ከአንዲት ቺምፓንዚ ነው። በ1978 ዴቪድ ፕሪማክና ጋይ ውድረፍ ሳራ ለተባለችው ቺምፓንዚ የተቸገረ ሰው ፊልም አሳዩአት፤ ለምሳሌ እጁ የማይደርስበትን ሙዝ ለማውረድ የሚታገል። ሳራ ከቀረቡላት ፎቶግራፎች መካከል መፍትሔውን የሚያሳየውን በአብዛኛው ትመርጥ ነበር። ተመራማሪዎቹም ይህን የሌላውን ሐሳብ የመገመት ችሎታ «የአእምሮ ንድፈ ሐሳብ» ብለው ሰየሙት። ፈላስፋው ዳንኤል ዴኔትና ሌሎች ተቺዎች ግን ሳራ ራሷ የምታደርገውን መርጣ ሊሆን ይችላል አሉ። የሌላውን ልብ ማወቋ የሚረጋገጠው ሰውየው የተሳሳተ ነገር ሲያስብ እሷ በስሕተት የሚያደርገውን ቀድማ ከገመተች ነው። ይህ ትችት ከጥናቱ ይልቅ ፍሬያማ ሆነ ብንል ማጋነን አይሆንም።

በሳልዝበርግ ዩኒቨርሲቲ ሃይንዝ ዊመርና ጆሴፍ ፐርነር ትችቱን ይዘው በ1983 የማክሲን ታሪክ አወጡ። ማክሲ ቸኮሌቱን በአንዱ ቁም ሣጥን አስቀምጦ ወጣ። እናቱ ለኬክ ትንሽ ቆርሳ የቀረውን በሌላው ከተተችው። ማክሲ ርቦት ተመለሰ፤ ቸኮሌቱን የት ይፈልጋል? ትክክለኛው መልስ መጀመሪያ ያስቀመጠበት ነው። በዚህና በሌላ መሰል ታሪክ፣ በሁለቱም በትክክል የመለሰ ከ3 እስከ 4 ዓመት ካሉት ልጆች አንድም አልተገኘም። ከ4 እስከ 6 ካሉት 57 በመቶ፣ ከ6 እስከ 9 ካሉት 86 በመቶ መለሱ።

አማርኛ ለዚህ ፈተና የተሰፋ ቃል አለው፤ «መስሎት»። «ቸኮሌቱ እዚያው ያለ መስሎት» ስንል ማክሲ መሳሳቱን በአንድ ቃል ጨርሰናል። እንግሊዝኛ በተራ የማሰብ ግሱ ይህን አይለይም፤ ቱርክኛ ይለያል። በ2003 የታተመ ጥናት ቱርክኛንና የፖርቶ ሪኮ ስፓኒሽኛን ከእንግሊዝኛና ከብራዚል ፖርቱጋልኛ ጋር አነጻጽሮ፣ ቁርጥ ያለ «መሰለው» የሚል ግስ ያላቸው ልጆች ስለ ሰው ግምት የሚቀርበውን ጥያቄ የተሻለ እንደሚመልሱ አሳይቷል። የዘርፉ ሰዎች «የተሳሳተ እምነት ፈተና» የሚሉትን እኛ «የመስሎት ፈተና» ብንለው ይሻል ነበር፤ «እምነት» በእኛ ጆሮ ቤተ እምነትን ያስታውሳልና።

በ1985 ሳይመን ባረን ኮሄን፣ አለን ሌዝሊና ኡታ ፍሪዝ ለንደን ላይ ፈተናውን በሁለት አሻንጉሊቶች አቀለሉት። ሳሊ ብይዋን ቅርጫት ውስጥ አድርጋ ትወጣለች፤ አን አውጥታ ሣጥን ውስጥ ትደብቃለች። ሳሊ ስትመለስ የት ትፈልጋለች? ብዩ አሁን የት እንዳለና መጀመሪያ የት እንደነበረ ሁሉም ልጆች አውቀዋል። ስለ ሳሊ ሲጠየቁ ግን ኦቲዝም ካለባቸው 20 ልጆች 16ቱ ሣጥኑን አመለከቱ፤ ዳውን ሲንድረም ካለባቸው 14 ልጆች 12ቱ በትክክል መለሱ።

ፈተናው ዓለምን ዞሯል። በካሜሩን የባካ ልጆች አንድ አዋቂ ዞር ሲል የዱር ማንጎ ፍሬውን ከሳሕኑ አውጥተው ደበቁበት፤ ከፍ ከፍ ያሉት ክዳኑን ሳያነሣ ደስ እንደሚለው፣ ካነሣ በኋላ እንደሚከፋው አስቀድመው ተናገሩ። በ2001 የ178 ጥናቶች ውጤት ተሰብስቦ ሲታይ ልጆች በለጋነት ወድቀው ሲያድጉ የማለፋቸው አቅጣጫ በየአገሩ አንድ ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ሳሞአ ግን አከራካሪ ናት። አንድ ጥናት ልጆቿ በ5 ዓመት ገደማ ያልፋሉ ሲል፣ በኋላ የመጣው ሰፊ ጥናት ብዙዎቹ እስከ 8 ዓመት እንደሚወድቁ ዘግቧል። በአንዳንድ የፓስፊክ ማኅበረሰቦች ስለ ሌላው ልብ መገመት ነውር መሆኑ ምክንያት ነው የሚሉ አሉ። «የሰው ሆዱን የወፍ ወንዱን» የምንለው እኛም ከዚያ ሩቅ አይደለንም።

በ2005 ተመራማሪዎቹ ኦኒሺና ባያርዦን የ15 ወር ሕፃናት የሰውን የተሳሳተ ግምት በዓይናቸው እንደሚከተሉ ጻፉ። በርካታ ቤተ ሙከራዎች የዚህ ዓይነቱን የዓይን ውጤት መድገም ስላቃታቸው በአፉ የመለሰ ልጅ አሁንም የሚታመን ምስክር ነው።

በአንጎል በኩል ሬቤካ ሳክስና ናንሲ ካንዊሸር በ2003 ከጆሮ በላይ ወደ ኋላ ያለው ክፍል ስለ ሰው ሐሳብ ሲነበብ እንደሚነቃ አሳይተዋል።

ከለንደኑ ጥናት ወዲህ «ኦቲዝም ያለበት ሰው ርኅራኄ የለውም» የሚል ወሬ ተናፈሰ፤ ይህ ጥናቱ ያላለው ነው። ዘሚ የኑስ በ2002 አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ከከፈተች ወዲህ ልጆቻቸውን ከተደበቁበት ቤት ወደ ማዕከሉ ያወጡ ወላጆች የሌላውን ሐሳብ አለመገመትና ርኅራኄ ማጣት የተለያዩ መሆናቸውን ያውቁታል። ራሱ ኦቲዝም ያለበት ብሪታንያዊው ምሁር ዴሚያን ሚልተን በ2012 «ድርብ የኢምፓቲ ችግር» ሲል ጻፈ፤ አለመግባባቱ የሁለቱም ወገን ነው፤ ሌላውም እነሱን አያነባቸውም ማለቱ ነው።

ችሎታው በልጅነት ብቻ አይቆረጥም። ኒካራጓ ውስጥ ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ መስማት የተሳናቸው ልጆች ራሳቸው ባበጁት የምልክት ቋንቋ ላይ ጄኒ ፓየርስና አን ሴንጋስ በ2009 ያወጡት ጥናት ምስክር ነው። ለማሰብና ለማወቅ ምልክት ያነሳቸው የመጀመሪያዎቹ ተናጋሪዎች ካደጉ በኋላም በፈተናው ወድቀው ነበር። ከታናናሾቻቸው ጋር በማኅበራቸው ሲውሉ ምልክቶቹን ለመዱ፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲፈተኑ ተሻሽለው ተገኙ።

በ2018 ታል ኤያል፣ ሜሪ ስቴፈልና ኒኮላስ ኤፕሊ 25 ሙከራዎችን አትመው፣ «ራስህን በእሱ ቦታ አድርገህ አስብ» የተባሉ ሰዎች ግምታቸው ይበልጥ ትክክል እንዳልሆነ አሳይተዋል። ጥንዶች የአጋራቸውን አስተያየት እንዲገምቱ በተደረገበት ሙከራ የተሻለ ያገኙት አስቀድመው አጋራቸውን እንዲጠይቁ የተፈቀደላቸው ነበሩ።