የሸራ ጣሪያ ያለው አሮጌ መኪና ሲታደስ፦ ስለ ውሃ ማስገባት የሚባለውና እውነታው

የጅማ ዝናብ ክረምትን ብቻ አይጠብቅም። ከመጋቢት ጀምሮ እስከ ጥቅምት ይመላለሳል፤ የዓመቱ መጠንም ወደ 1,500 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። እዚህ ከተማ የሸራ ጣሪያ ያለው መኪና የሚያሳድስ ሰው ወንበር ከማስለበሱና ሞኬት ከማስነጠፉ በፊት የውሃውን ነገር ይጨርስ። ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ገንዘቡ ሁለቴ ይወጣል።

«ሸራው ከተቀየረ አበቃ»

አላበቃም። ሸራው አዲስ ቢሆንም ውሃ በፊት መስታወቱ ማዕዘን፣ በደረቀ የመስኮት ጎማም ይገባል። አስቸጋሪው ደግሞ በገባበት አለመንጠባጠቡ ነው፤ የጣሪያውን ብረት ተከትሎ ሄዶ ሌላ ቦታ ይወርዳል። አንድ ሰው የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይቀመጥ፤ ሌላው በውሃ ማጠጫ ጎማ ቀስ ያለ ውሃ ከታች ጀምሮ ወደ ላይ ያፍስስ። ከላይ ከተጀመረ ሁሉም ይረጥብና ምንጩ ይጠፋል። የላቫጆ ግፊት ለዚህ አይሆንም፤ ዝናብ በማይደርስበት ሁሉ ውሃ ይከታል።

«በር ውስጥ ጠብታ ውሃ መግባት የለበትም»

ብዙ መኪና ያበላሸው ይህ እምነት ይመስለኛል። ዝናብ በመስታወቱ ወርዶ በሩ ውስጥ እንደሚገባ ሲሠራም ታስቧል፤ በሩ ግርጌ ላይ መውጫ ቀዳዳዎች ያሉት ለዚህ ነው። ውሃው ወደ ተሳፋሪው እንዳያልፍም ከበሩ የውስጥ ሽፋን ጀርባ ፕላስቲክ ይለጠፋል። እድሳት ላይ ግን ፕላስቲኩ ተቀዶ ይጣላል፣ ቀዳዳዎቹ በስቱኮና በቀለም ይደፈናሉ። በሩ ውሃ ይቋጥራል፣ ላሜራው ከውስጥ በዝገት ይበላል፣ አዲሱ ሽፋን ያብጣል። እባካችሁ ቀለም ከመቀባቱ በፊት ቀዳዳዎቹን ለባለሙያው አሳዩት። ወፍራም ፕላስቲክ ቁረጡ፤ የታችኛው ጠርዙ ወደ በሩ ውስጥ ይግባ፣ ዙሪያው በማይደርቅ ማጣበቂያ ይለጠፍ።

«ሲሊኮን ሁሉን ይዘጋል»

ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ብረት ያዝጋል፤ ላዩ ላይም ቀለም አይይዝም። የላሜራ መጋጠሚያ የራሱ ማሸጊያ አለው። የደረቀ ጎማ ይቀየራል እንጂ አይለጠፍም።

«ሞኬቱ ደርቋል»

የደረቀው ላዩ ነው። ከሥሩ ያለው ስፖንጅ ውሃውን ይዞ ወለሉን ያዝጋል። አንሡት፣ ዝገቱን ጠርጉ፣ ቀለም ቀቡ፤ ሞኬቱ መጨረሻ ይመለስ።

«እርጥብ ሸራ ቢታጠፍ ምንም አይል»

ይሻግታል። ተዘርግቶ ይድረቅ። መኪናችሁ ሸራው በሚታጠፍበት ግርጌ የውሃ መውረጃ ቱቦ ካለው፣ በተለይ ዛፍ ሥር የምታቆሙ ከሆነ ቅጠል ይደፍነዋል፤ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት አንድ ብርጭቆ ውሃ አፍስሱበትና በመኪናው ሥር መውጣቱን እዩ።