እጅ ማውጣት ሁሉ መስማማት አይደለም

«እጁን ያወጣ ሁሉ ተስማምቷል» የሚለው ስለተደጋገመ ልግባበት። ላይስማማ ይችላል። ባለፈው የእድር ስብሰባ መዋጮ ይጨመር ሲባል፣ አጠገቤ የነበሩ አባት ግራ ቀኝ አዩና እጃቸውን እስከ ጆሯቸው ብቻ አነሱ። ስንወጣ «ከየት አምጥቼ ልከፍል ነው?» አሉኝ። ይሉኝታ!

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሶሎሞን አሽ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1951 ይህንኑ ፈትኗል። ተማሪው የመስመር ርዝመት ያወዳድራል፤ አብረውት ያሉት ግን ሆን ብለው እንዲሳሳቱ የተነገራቸው ናቸው። ልዩነቱ በዓይን እየታየ፣ እነሱ ሲሳሳቱ ከሦስት መልስ አንዱ ገደማ ስህተታቸውን ደገመ። ከአራት ተማሪ አንዱ ግን አንዴም አልተከተለም።

የተከታዩ ብዛት እንደ አገሩና እንደ ጉዳዩ ይለያያል። አንድ ሰው እንኳ እውነቱን ሲናገር፣ ወይም መልሱ በወረቀት ሲጻፍ መከተሉ በጣም ቀንሷል። መዋጮው በወረቀት ይወሰን የምለውም ለዚሁ ነው።