«ካልሰበርነው አይወጣም» እና ሌሎች የሽንት ቤት ጥገና የተሳሳቱ አመለካከቶች

አዲስ አበባ ውስጥ ሽንት ቤት ሲበላሽ ምክንያቱን የማያውቅ ሰው የለም። ዘበኛው ያውቃል፣ ጎረቤት ያውቃል፣ ባለሱቁም ያውቃል። ሳኒተሪ ሠራተኛው እስኪደርስ ሁሉም የየራሱን ፍርድ ሰጥቶ ጨርሷል። ከጥገናው ይበልጥ ኪስ የሚያራቁተው ደግሞ ይሄ የተሳሳተ ፍርድ ነው።

«ፍላሹ የደከመው የውሃ ግፊት ስለቀነሰ ነው»

ከጀርባው የውሃ ሳጥን ላለው መቀመጫ ይህ አያስኬድም። ከመስመር የሚመጣው ውሃ ሥራው ሳጥኑን መሙላት ብቻ ነው። ግፊቱ ሲያንስ ሳጥኑ ለመሙላት ይቆያል እንጂ፣ አንዴ ከሞላ በኋላ ውሃው የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው።

ስለዚህ ማንንም ከመጥራታችሁ በፊት በባልዲ ሞክሩት። አሁን በብዛት የሚሸጡት ባለሁለት ቁልፍ መቀመጫዎች በትልቁ ቁልፍ 6 ሊትር፣ በትንሹ 3 ሊትር ገደማ ይለቃሉ። 6 ሊትር ያህል ውሃ በባልዲ ቅዱና መቀመጫው ውስጥ ባንዴ ድፉት (ውሃው አስቀድሞ አፉ ድረስ ሞልቶ ከሆነ ግን አትሞክሩት፤ ወለሉ ላይ ይገነፍላል)። ዋጥ አድርጎ ከወሰደው መስመሩ ደህና ነው፤ ጥፋቱ ያለው ሳጥኑ ውስጥ ነው። ወይ ውሃው የሚቆምበት ከፍታ ዝቅ ብሏል፣ ወይ መልቀቂያው ቶሎ እየተዘጋ ነው። ውሃው ከፍ ብሎ ቆይቶ ቀስ እያለ ከወረደ ግን መንገዱ ላይ የያዘው ነገር አለ። ይህን ሳይሞክር «መስመሩ ተደፍኗል፣ ካልሰበርነው አይወጣም» ለሚል ሰው ሴራሚካችሁን አትስጡ።

ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ያላችሁ አንድ ነገር ጨምሩ። ጠፍቶ የከረመ ውሃ ሲመለስ ዝገትና ደቃቅ አሸዋ ይዞ ይመጣል፤ ይህም የሳጥኑ መሙያ መግቢያ ላይ ባለች ትንሽ ወንፊት ላይ ይቀራል። ሳጥኑ ግማሽ ሰዓት ሙሉ እየተንጠባጠበ ከሞላ መጀመሪያ የምትጠረጠረው እሷ ናት። ውሃውን ዘግቶ፣ ፈቶ ማጠብ ይበቃል። «ሙሉ ዕቃው ይቀየር» የሚለው ምክር ከዚያ በኋላ ይምጣ።

«ትንሽ ቢያንጠባጥብ ምን ችግር አለው?»

ከሳጥኑ ወደ መቀመጫው በዝምታ የሚያፈስ ሽንት ቤት በቀን በመቶዎች የሚቆጠር ሊትር ሊያባክን ይችላል። ማታ ሙሉ የነበረው ሮቶ ጠዋት ባዶ ሆኖ ተከራይ የሚታማበት ግቢ ካለ፣ ሐሜቱ ይቆይና ሳጥኑ ይታይ። ወፈር ያለ ቡና ወይም የምግብ ቀለም ሳጥኑ ውስጥ ጨምሩና ግማሽ ሰዓት ያህል ሳትለቁት ጠብቁ። ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ ማሸጊያው ጎማ አልቋል ማለት ነው። እሱ ደግሞ ከዕቃዎቹ ሁሉ ርካሽ ከሚባሉት ነው።

«ሸተተ ማለት ጉድጓዱ ሞላ ማለት ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሲፎኑ (ከማፍሰሻው ሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ) ውስጥ ቆይቶ ሽታውን የሚያግደው ውሃ ደርቆ ነው። ባለቤቶቹ ውጭ አገር ያሉበት ተዘግቶ የከረመ ቤት፣ የእንግዳ መታጠቢያ፣ ማንም ውሃ የማያፈስበት የወለል ማፍሰሻ፣ ሁሉም እንዲህ ይሸታሉ። በየማፍሰሻው ውሃ ጨምራችሁ አንድ ቀን ጠብቁ። ካልጠፋ ከመቀመጫው ሥር ያለው ማሸጊያና የአየር ማስወጫው ቱቦ ይታዩ፤ በተለይ አንዱ ሽንት ቤት ሲለቀቅ ሌላው ማፍሰሻ ጉር ጉር የሚል ከሆነ።

የሞላ ጉድጓድ ወይም የተደፈነ ዋና መስመር ምልክቱ ሌላ ነው። ከቤቱ ዝቅተኛ በሆነው ቦታ፣ አብዛኛውን ጊዜ ምድር ቤት ባለው ሻወር በኩል፣ ፍሳሹ ተመልሶ ይወጣል። መጣጭ መኪና ከመጠራቱ በፊት ማንሆሉ ይከፈትና ይታይ። ጉድጓድ ውስጥ ላምባ መጨመር ደግሞ ምንም አይቀንስም፤ እንዲያውም ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላል።

«በረኪናና አሲድ ሲቀላቀሉ ይበልጥ ያጸዳሉ»

ሲቀላቀሉ ክሎሪን ጋዝ ይወጣል። ጠባብና መስኮት የሌለው ሽንት ቤት ውስጥ ሳንባ ይጎዳል፤ ሊገድልም ይችላል። ኮስቲክ ሶዳ ወይም አሲድ ጨምራችሁ አልሠራ ካለ፣ ለሚመጣው ሠራተኛ ሳይነካው በፊት ንገሩት። ሽቦውን ሲያስገባ የሚረጨው ፊቱ ላይ ነው።

«እርጥብ ሶፍትም ሶፍት ነው»

አይደለም፣ አይበታተንም። ሞዴስና ዳይፐርማ ባይነሱ ይሻላል።

«የሰፈር ሠራተኛ አይታመንም»

ለሽንት ቤት እኔ የምመርጠው የሰፈሩን ነው። ማንሆሉ የት እንደተቀበረ፣ መስመሩ በየት እንደዞረ የሚያውቀው እሱ ነው፤ ነገ ቢያፈስም በሩ ቅርብ ነው። ሁሉም ጎበዝ ነው ማለት ግን አይደለም። «ከየት ትጀምራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ማንሆል ከፍቼ፣ ውሃ ለቅቄ ልይ የሚል ከሆነ ደግ ነው። መዶሻ የሚያነሳ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋ ለየብቻ ይነጋገር። ቀብድ ከጠየቀ የዕቃውን ስጡ፣ የእጁን ሥራው ሲያልቅ። ዕቃ ሲገዛ የተበላሸው አሮጌው ወደ ሱቅ አብሮት ይሂድ፤ ልኩ የማይገጥም ዕቃ ሁለት ጊዜ ያመላልሳል። ከመክፈላችሁ በፊት ደጋግማችሁ ልቀቁና በየመገጣጠሚያው ደረቅ ሶፍት አስነኩ፤ ከረጠበ ሥራው አላለቀም። ሥራውን በአሥር ደቂቃ ጨረሰ ብላችሁ ግን ዋጋውን አትቁረጡበት። ሳይሰብር አሥር ደቂቃ የፈጀበት እኮ ስለሚያውቅ ነው።

«የሚነቃነቅ መቀመጫ በሲሚንቶ ይታሰር»

ሲሚንቶ ግትር ስለሆነ መቀመጫው ሊሰነጠቅ ይችላል፤ በሚቀጥለው ጥገና ደግሞ ሳይሰበር አይነሳም። የሚያስፈልገው በልኩ የጠበቀ ብሎን፣ ከሥር ደህና ማሸጊያና ዙሪያውን ሲሊኮን ነው። ሠራተኛው ሲሚንቶ ማቡካት ሲጀምር ካያችሁ፣ ብሎኖቹ የት እንዳሉ ጠይቁት።