የአስኳል ከረጢት ምንድን ነው?

ኮሪዶራስ ከአምባዛ ወገን የሆነ ትንሽ ዓሣ ነው። ጢሙን አንጠልጥሎ የአኳሪየሙን ወለል ሲያስስ ይውላል። ቤት ውስጥ ማራባት የሚፈልግ ብዙ ሰው በእሱ ይጀምራል። እንቁላሉን ማስጣል ያን ያህል አይከብድም። የሚከብደው ከተፈለፈለ በኋላ ያለው የመጀመሪያው ሳምንት ነው።

እኔም የመጀመሪያዎቹን ጫጩቶቼን ያጣኋቸው በዚያው ሳምንት ነው። እንደተፈለፈሉ የራባቸው መሰለኝና ምግብ በጣቴ አድቅቄ ነሰነስኩላቸው። ሊበላ የመጣ አንድም የለም። ጨመርኩ። በማግስቱ ውሃው ደፈረሰ። በሦስተኛው ቀን ወለሉ ላይ የሚንቀሳቀስ ነገር አልነበረም። በጣም አዘንኩ። ለካ አልራባቸውም ነበር። ስንቃቸውን ሆዳቸው ሥር ይዘው ነው የወጡት።

የአስኳል ከረጢት የሚባለው ያ ስንቅ ነው።

የዶሮ እንቁላል ሲሰበር መሃሉ ላይ የምናየው ቢጫው ነገር አስኳል ነው። ስብና ፕሮቲን የታጨቀበት ምግብ ነው። የዶሮ ጫጩት ከቅርፊቷ ከመውጣቷ በፊት የተረፋትን አስኳል ወደ ሆዷ ስባ ታስገባዋለች። ስለዚህ ስትፈለፈል ከውጭ አናየውም። ዓሣ ግን ቸኩሎ ነው የሚፈለፈለው። አስኳሉ ገና ሳያልቅ፣ በስስ ሽፋን እንደተጠቀለለ፣ ከሆዱ ጋር ተጣብቆ አብሮት ይወጣል። ሽፋኑ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች አሉ። ምግቡ በእነሱ በኩል ቀስ እያለ ወደ ሰውነቱ ይገባል።

ልብ በሉ፤ በእነዚህ ቀናት የጫጩቱ አፍና አንጀት ገና ተሠርተው አላለቁም። ቢፈልግም መብላት አይችልም። የነሰነስንለት ምግብ ወለሉ ላይ ተኝቶ ይበሰብሳል። ሲበሰብስ አሞኒያ የሚባል ዓሣን የሚመርዝ ነገር ይወጣዋል። የኮሪዶራስ ጫጩት ደግሞ ውሎ አዳሩ ወለል ላይ ስለሆነ በቀጥታ ቆሻሻው ላይ ይተኛል። የእኔዎቹን የጨረሳቸው ረሃብ ሳይሆን ምግቡ ነው።

ነገሩ ከእንቁላሉ ስለሚጀምር ትንሽ ወደኋላ ልመለስ። ኮሪዶራስ እንዲጥል ብዙ ጊዜ የሚበቃው የገንዳውን ውሃ በዛ አድርጎ መቀየርና በመጠኑ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ መጨመር ነው። ዝናብ የመጣ ይመስለዋል። ከዚያ ወንዶቹ ሴቷን ማሳደድ ይጀምራሉ። ሴቷ አፏን ወንዱ ሆድ ላይ ትለጥፋለች፤ ከላይ ሲታዩ ሁለቱ የእንግሊዝኛውን ቲ (T) ፊደል ይመስላሉ። በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በነሐስማው ኮሪዶራስ ላይ እንዳሳየው ሴቷ የወንዱን ዘር ትጠጣዋለች። ዘሩ በአንጀቷ ውስጥ በፍጥነት አልፎ፣ በሆድ ክንፎቿ አቅፋ የያዘቻቸው እንቁላሎች ላይ ይወጣል። ይህን ካነበብኩ በኋላ እንቁላል ሲጥሉ ባየሁ ቁጥር ከገንዳው ፊት መነሳት ያቅተኛል።

ሴቷ እንቁላሎቹን መስታወት ወይም ቅጠል ላይ ትለጥፋለች። ወላጆቹ መልሰው ሊበሏቸው ስለሚችሉ እኔ በጣቴ ጫፍ ቀስ ብዬ አንከባልዬ አነሳቸውና ወደ ትንሽ ዕቃ አዛውራቸዋለሁ። ውሃው ከዚያው ከገንዳው የተቀዳ ይሁን። አየር በቀስታ ይግባበት። ነጭ ሆኖ ፀጉር ያወጣ እንቁላል ሞቷል፤ ፈንገሱ ወደ ጎረቤቱ ሳይጋባ ቶሎ ይውጣ። ደህነኛው ግን በየቀኑ እየጠቆረ ይሄዳል። 25 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ በሆነ ውሃ ከ3 እስከ 5 ቀን ውስጥ ይፈለፈላል።

አሁን ባትሪ ይዛችሁ ከጎን አብሩበት። አጉሊ መነጽር ካላችሁ ደግሞ የተሻለ ነው። ጫጩቱ ከግማሽ ሴንቲሜትር ብዙም አይበልጥም፤ ሰውነቱ ብርሃን ያሳልፋል። ሆዱ ሥር ቢጫ ኳስ ታያላችሁ። ከፊቱ ልቡ ስትመታ ትታያለች። በመጀመሪያው ቀን ኳሱ ስለሚከብደው ይተኛል፤ ሲነኩት ብቻ ጅራቱን አርገፍግፎ ቦታ ይቀይራል። በሁለተኛው ቀን ኳሱ ይሟሽሻል፤ ጢሞቹም በግልጽ ይለያሉ። ብዙውን ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን መካከል ሆዱ ጠፍጣፋ ይሆንና ወለሉን በአፉ መነካካት ይጀምራል። ምግብ የሚሰጠው ያኔ ነው። ቀን ከመቁጠር ይልቅ ሆዱን ማየት ይሻላል፤ ውሃው ቀዝቀዝ ካለ ሁሉም ነገር ይዘገያልና።

ጊዜው ከዝርያ ዝርያም ይለያያል። አንሲስትረስ የሚባለው ሌላው የአምባዛ ወገን ትልልቅ ብርቱካንማ እንቁላል ይጥላል። አባትየው ዋሻ ውስጥ ተቀምጦ በክንፉ ያራግብላቸዋል። ጫጩቶቹ ሲወጡ ከረጢታቸው ከጭንቅላታቸው ይበልጣል። እሱን እስኪጨርሱ ሳምንት አካባቢ ሊፈጅባቸው ይችላል። እስከዚያ አባታቸው ዘንድ መተው ነው።

ስንቁ ካለቀ በኋላ መዘግየትም ያው ይገድላል። ስለዚህ እኔ የመጀመሪያውን ምግብ ቀድሜ አዘጋጃለሁ። የምመርጠው አዲስ የተፈለፈለ አርቴሚያ ነው፤ በጨው ውሃ ውስጥ የሚኖር፣ ሽሪምፕ የሚመስል ደቃቅ እንስሳ ነው። በአንድ ሊትር ውሃ ከ25 እስከ 30 ግራም ጨው በጥብጬ፣ የአርቴሚያውን እንቁላል ጨምሬ፣ አየር በኃይል እለቅበታለሁ። ውሃው 28 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ በ24 ሰዓት ገደማ ይፈለፈላል። የሚገርመው አርቴሚያም የራሱን አስኳል ይዞ ነው የሚወጣው። ገንቢነቱ የሚበዛው ስንቁን ራሱ ሳይጨርሰው በፊት ነው። ስለዚህ እንደተፈለፈለ ወዲያው በስስ ጨርቅ አጥልዬ፣ ጨዉን በንጹህ ውሃ አጥቤ እሰጣለሁ።

መጠኑ ግን ትንሽ ይሁን። አርቴሚያ ጨው በሌለበት ውሃ ውስጥ የሚኖረው ለጥቂት ሰዓታት ነው። የተረፈው ሞቶ ወለል ላይ ይቀራል፤ ያው የበሰበሰ ምግብ ይሆናል። በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ በጥቂት በጥቂቱ መስጠት፣ ትርፉን በቀጭን ቱቦ መሳብ፣ የተሳበውን ያህል ክሎሪን የሌለውና ሙቀቱ እኩል የሆነ ውሃ መመለስ። አሰልቺ ሥራ ነው። በእኔ ቤት ግን ከመድኃኒትም ከውድ ማጣሪያም በላይ ጫጩት ያተረፈልኝ ይህ ነው።

መብላታቸውን ለማወቅ መገመት አያስፈልግም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ባትሪውን መልሳችሁ አብሩ። ቢጫው ከረጢት የነበረበት ቦታ በአርቴሚያ ሞልቶ ብርቱካንማ ሆኖ ይታያችኋል።