«ተስማሚ ሥራ» ምንድን ነው?

ሰሞኑን ደግሞ አየሁት። «ለአካል ጉዳተኞች ተስማሚ ሥራዎች» የሚል ዝርዝር። ማየት ለተሳናቸው ስልክ ኦፕሬተርነት፣ መስማት ለተሳናቸው እንጨት ሥራ፣ ዊልቸር ለሚጠቀሙ «ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ማንኛውም ነገር»። ያዘጋጀው ሰው በቅንነት ነው የጻፈው፤ ይገባኛል። እኔ ግን ሰውና ሥራ በማገናኘት ስኖር፣ ከክፉ ሰው ይልቅ እንዲህ ያለ ዝርዝር ብዙ በር ሲዘጋ አይቻለሁ።

«ይህ ሥራ ለዚህ ጉዳት» የሚባል ነገር የለም። ተስማሚነት የሚታወቀው አንድ ሰው፣ አንድ የሥራ መደብና አንድ መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ሲገናኙ ነው። ከሦስቱ አንዱ ከተቀየረ መልሱም ይቀየራል።

እስቲ ሚኒባስ ታክሲ አስቡ። ተረኛው ሾፌር ሲገባ መጀመሪያ ወንበሩን ወደፊት ወይም ወደኋላ ይገፋል። ቀጥሎ ስፖኪዮውን ያስተካክላል። አጭር ከሆነ ከጀርባው ትራስ ያደርጋል። «መንዳት ስለማይችል ነው ትራስ የተደረገለት» የሚል ተሳፋሪ ገጥሟችሁ ያውቃል? መንጃ ፈቃድ ማውጣቱ አልቀረለትም። መንገዱም አላጠረለትም። የተነካው ወንበሩ ብቻ ነው። «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» የምንለው ይኸው ነው፤ ዕቃውን፣ ሰዓቱን ወይም ቦታውን ለሠራተኛው እንዲመች ማስተካከል።

ሾፌሩ ረዳትም አለው እኮ! በር የሚከፍተው፣ ሒሳብ የሚሰበስበው እሱ ነው። በዚህ ምክንያት ሾፌሩን ግማሽ ሠራተኛ ያለው የለም። ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት የወጣው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አካል ጉዳተኛው ሥራውን እንዲሠራ አሠሪው ረዳት ይመድብ ሲል ግን «ታዲያ ማን ነው የሚሠራው?» ይባላል። ረዳቱ ያነባል፣ ያደርሳል። መሪው ላይ አይቀመጥም። (ተቀምጦ ያየሁበት ጊዜ አለ፤ እሱ ሌላ ችግር ነው።)

አዋጁን ካነሳሁ አይቀር፣ ዝርዝር አዘጋጆች መግቢያውን ቢያነቡልኝ ደስ ይለኛል። ከእሱ በፊት የነበረው አዋጅ 101/1986 ለአካል ጉዳተኞች የሥራ ቦታ ለይቶ ያስቀምጥ ነበር። 568/2000 የመጣው ያንን ሽሮ ነው። ምክንያቱንም ይናገራል፦ ቦታ ለይቶ መያዙ፣ አካል ጉዳተኞች በችሎታቸው ተወዳድረው መሥራት አይችሉም የሚል ገጽታ ፈጥሯል ነው የሚለው። ሕጉ የተወውን ዝርዝር እኛ መልሰን እያወጣነው ነው።

አንድ አስተያየት ሰጪ «ታዲያ ዓይነ ስውር ሾፌር ይቀጠር ልትል ነው?» ብሎኛል። አላልኩም። ሕጉም የሥራው ጠባይ የማይፈቅድበትን ሁኔታ ለይቶ አስቀምጧል። ደግሞስ እስከዛሬ ለሾፌርነት ላመልክት ብሎ እኔ ጋ የመጣ ዓይነ ስውር የለም። የሚመጡት የሕግ ምሩቅ፣ መምህር፣ የደንበኞች አገልግሎት ሠራተኛ ናቸው። አሠሪዎች የሚመልሷቸው ግን በዚሁ በሾፌሩ ጥያቄ ነው።

የሕግ ባለሙያውን እንውሰድ። ቀኑን ሙሉ ምን ይሠራል? ፋይል ያነባል፣ አስተያየት ይጽፋል፣ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ስክሪኑን በድምፅ የሚያነብ እንደ ኤንቪዲኤ ያለ ሶፍትዌር ደግሞ በነፃ ይገኛል። ታዲያ የሚቸገረው የት ላይ ነው? ማኅተም ላይ! ደብዳቤው ይታተማል፣ ይፈረምበታል፣ ማኅተም ይመታበታል፣ ከዚያ በስልክ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም ይላክለታል። ሶፍትዌሩ ፎቶ እንጂ ፊደል አያይም፤ ዝም ይላል። መፍትሔው ጸሐፊዋ መጀመሪያ የተየበችውን የወርድ ፋይል አብራ እንድትልክ ነው። ወጪው ዜሮ ብር። ይህን ማንም ዝርዝር አይነግራችሁም፤ ቢሮው ገብቶ ወረቀቱ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ማየት ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ። ይህ ለእሱ ሠራ ማለት ለሌላውም ይሠራል ማለት አይደለም። ብሬል እያነበበ ያደገ ሰውና በ40 ዓመቱ ዓይኑን ያጣ ሰው አንድ አይደሉም። በከፊል የሚያይ ደግሞ ፊደሉ ቢተልቅለት ይበቃው ይሆናል። «መስማት ለተሳነው ጽፎ መስጠት ነው» የሚሉም አሉ። በምልክት ቋንቋ ላደገ ሰው የተጻፈ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋ ሊሆን እንደሚችል ይረሳል። ራምፕም (የዊልቸር መወጫ ተዳፋት) ተሠራ ተብሎ ይመረቃል፤ ሄጄ ሳየው ሸርተቴ ነው። ሽንት ቤቱ በር ዊልቸር አያስገባም።

የታክሲው ምሳሌም የሚያልቅበት ቦታ አለው። ወንበር መግፋት አንድ ነገር ነው፤ ሞተር ቀይሩልኝ ማለት ሌላ። ሕጉም አሠሪው ላይ ከልክ ያለፈ ጫና እስካልሆነ ድረስ ነው የሚለው። ግን አብዛኛው አሠሪ ሞተሩ ጋ ከመድረሱ በፊት፣ ወንበሩን ሳይነካ ነው «አንችልም» የሚለው።

አንድ ነገር ልጨምርና ላብቃ። የሕክምና ቦርድ ማስረጃ ይዘው የሚመጡ አሠሪዎች አሉ። «40 በመቶ ጉዳት አለበት፣ ምን ሥራ ይሻለዋል?» ይሉኛል። ያ መቶኛ ለጉዳት ካሳ ስሌት የሚያገለግል ነው። 40 በመቶ የተጻፈበት ሒሳብ ሠራተኛ ሒሳቡን 60 በመቶ አይሠራም። ወረቀቱን ወደ ፖስታው እመልስና የሥራ ዝርዝሩን አምጡልኝ እላቸዋለሁ። ብዙ ጊዜ የላቸውም። ያላቸው «ሙሉ ጤነኛ የሆነ፣ መንጃ ፈቃድ ያለው» የሚለው የክፍት ቦታ ማስታወቂያ ነው፤ መኪና ለማይነዳበት ሥራ።