ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ፦ ለመሆኑ የማንን ልጅ?

ባለፈው ሰሞን ግቢያችን ውስጥ ሽምግልና ነበር። አዳማ ተከራይቶ የኖረ ሰው ያውቀዋል፤ ስድስት ሰባት ቤት በአንድ ግቢ ሲደረደር ሽምግልናውም የጋራ ነው። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ያልተጠራም ይሰማል። እኔ ግን ቡና እንዳፈላ ተጠርቼ ስለነበር ሁሉንም ከረከቦቱ ኋላ ሆኜ ሰማሁ።

ከሳሿ ሚስት ናት። የአንድ ዓመት ከሁለት ወር ልጅ አላት። ባልየው ደመወዝ በተቀበለ በሳምንቱ ኪሱ ባዶ ነው። ሌሊት ልጁ ሲያለቅስ "ዝም አስብይው፣ ጠዋት ሥራ አለኝ" ይላታል። እሷም ጠዋት ሥራ አላት። ሽማግሌዎቹ አዳመጡ፤ ባልየውንም ለወጉ ያህል ገሠጹት። ከዚያ አንደኛው ጉሮሯቸውን ጠረግ ጠረግ አድርገው ወደ ሴትየዋ ዞሩና፣ "ልጄ፣ ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው። ቻይው እንግዲህ" አሏት።

ጀበናዋን ልጥላት ምንም አልቀረኝም። ሰውዬው እኮ የሠላሳ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ነው! ራሱን ችሎ የሚናፈጥ።

ይህችን ተረት ያለቦታዋ ስሰማት የመጀመሪያዬ አይደለም። ስልክ ሻጩ መስታወቱ የተሰነጠቀ ሞባይል ሲሸጥ ይላታል። ደላላው ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ሲያሳይ ይላታል። ቡድኑ አምስት የተቆጠረበት ደጋፊ ሳይቀር ይላታል። በሁሉም አፍ ላይ ትርጉሟ "ጉድለቱን እያየህ ዝም በል" ሆኗል። እኔ ግን ለዚህ አልተባለችም ባይ ነኝ። ቡናውን አጣጥቼ ቤቴ ከገባሁ ጀምሮ ስብሰለሰል የሰነበትኩትም በዚሁ ነው።

እስቲ ቃሉን ቀረብ ብለን እንየው። "ልጅን ሲወዱ" ነው የሚለው። "ልጃቸውን" አይልም። ተረት ሁልጊዜ በጥቅሉ ነው የሚናገረው የሚል ይኖራል። ይሁን። ግን እናትን ለመምከር ተረት ምን ያደርጋል? የልጇን ንፍጥ የምትጸየፍ እናት ማን አይቶ ያውቃል? በነጠላዋ ጫፍ ትጠርገዋለች፤ ነጠላ ከሌለች በጣቷ፣ ጣቷ ሊጥ ከነካ በክንዷ። እናት ምክር አያስፈልጋትም። ለእናትማ ሌላ ቃል ነው የተሰጣት፤ "ወልደሽ ሳሚ" እንላታለን። መሳሙ ለእናት፣ ንፍጡ ለጎረቤት! ስለዚህ ይህች ተረት የሰው ልጅ ለምታቅፍ፣ የሰው ልጅ ለምትጠብቅ ሴት የተባለች ናት። ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ ሳይሆን የግራር ጥላ ነው።

ያደግሁት ምንጃር ነው። ከአዳማ ሩቅ አይደለም፤ ማኛ ጤፍ የሚበላ ሁሉ ስሙን ያውቀዋል። ጤፉ ሐምሌ ላይ ይዘራና ነሐሴ ላይ አረሙ ይነሳል። በእኛ ሰፈር አረም በአብዛኛው የሴትና የልጅ ሥራ ነበር፤ የሚታረመውም በወንፈል ነው። ወንፈልን ከደቦ ጋር የሚያምታታ አለ። ደቦ ጠሪው አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ አዘፍኖ ይሸኛል። ወንፈል ግን ብድር ነው። ዛሬ ለእኔ ካረምሽልኝ ነገ ለአንቺ አርምልሻለሁ። ቀን በቀን ይመለሳል፤ አንዲት ቀን አትጠፋም።

ስምንት ሴት ብትወጣ አራቱ አምስቱ ልጅ አላቸው። ገና ጡት ብቻ የሚጠባው አያስቸግርም። አንቀልባው ውስጥ እናቱ ጀርባ ላይ ይውላል፤ እሷ አጎንብሳ ስታርም እሱ ይተኛል። የእናቴ አንቀልባ የፍየል ቆዳ ነበር፤ በቅቤ ታሽቶ የለሰለሰ፣ ጠርዙ ላይ ዛጎል የተደረደረበት። ስትራመድ ዛጎሉ ሲንኳኳ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። ትልልቆቹ ልጆች ደግሞ ከብት ይጠብቃሉ። ጣጣው ያለው መሀል ላይ ካለው፣ ዓመት ከሞላው ጋር ነው። ሲያዝሉት ይራገጣል። ሲያወርዱት ጤፉ ላይ ይንከባለላል። ያገኘውን አፈር ይጎርሳል። "ወፌ ቆመች!" ተብሎ ይቆማል፤ ሁለት እርምጃ ይሄድና በአፍጢሙ ይደፋል። ከዚያ ኡኡታ ነው።

ስለዚህ አንዷ ከግራሩ ሥር ትቀመጣለች። የአራቱንም የአምስቱንም ልጅ ሰብስባ ትውላለች። ነገ ሌላዋ ትቀመጣለች። አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ፦ የተቀመጠችው ሴት ቀን እንደ አረም ቀን ይቆጠርላት ነበር። ወንፈሉ ሲተሳሰብ "አንቺማ ጥላ ሥር ዋልሽ" የሚላት የለም። ልጅ ይዞ መዋል ማሳ ውስጥ ከመዋል እኩል ነው። እንዲያውም አንዳንዷ "ኧረ ማረሙ ይሻለኛል" ስትል ሰምቻለሁ።

አንድ ቀን ታናሽ ወንድሜ ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተዘግቷል። ዓመት ገደማው ነበር። አፍንጫው የታፈነ ሕፃን ጡት አይሆንለትም፤ ይጎርሳል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ለቆ ያለቅሳል። እናቴ አጥብታው ተመልሳ ወደ ማሳው ማዶ ሄዳለች፤ እሱ ግን ሆዱ አልሞላም። የዚያን ቀን ተረኛ ጎረቤታችን ናት። ዘመዳችን አይደለችም። እንዲያውም ያን ሰሞን በድንበር ጉዳይ ከእናቴ ጋር ተኳርፈው ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነበር። ልጁን ጭኗ ላይ አጋደመችው። ግንባሩን በመዳፏ ያዝ አደረገች። አፏን አፍንጫው ላይ ገጥማ መጠጠችው። ወደ ጎን እንትፍ አለች። ደገመችው። እንትፍ። ልጁ አንዴ አስነጠሰና ዓይኑን አፍጥጦ ቀረ፤ አየር ገባለት። በነጠላዋ ጫፍ ከንፈሩን ጠረገችለት። ከዚያ የራሷን ልጅ ጠጋ አድርጋ እሱን እሹሩሩ ማለት ጀመረች።

(ዛሬ ይህን አታድርጉ። የአንዱን ሕመም ለሌላው ማስተላለፍ ነው። በጨው ውሃ ጠብታ ማለስለስ እያለ በአፍ መምጠጥ አያስፈልግም።)

ሰባት ዓመቴ ነበር። "ኤጭ!" ብዬ ፊቴን አዞርኩ። ምሳ ይዛ የመጣችው አያቴ በኩርኩም አለችኝ። "ምኑ ነው የሚያስጸይፍሽ? ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው!" ተረቷን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማኋት ያኔ ነው። የተባለችው ለእናትየዋ አይደለም። ለባልም አይደለም። የሰው ልጅ ንፍጥ በአፏ ለመጠጠች፣ ለዚያውም ለተኳረፈች ሴት ክብር ነው የተባለችው።

ሌላም ግምት አለኝ። ከመጀመሪያው ሳሳ ያለ ነው፤ ግን ስለምወደው አልተወውም። በልጅነቴ የሚያምር ልጅ ያላት እናት ልጇን አጥባ፣ ቅቤ ቀብታ፣ አሳምራ ሰው መሀል አታወጣውም ነበር። ዓይን ትፈራለች። ፊቱ ትንሽ አመድ፣ ትንሽ ንፍጥ ቢኖረው አትቸኩልም። ሰውም "እንዴት ያምራል!" ብሎ ዝም አይልም፤ "እንትፍ እንትፍ" ይላል። እንግዲህ አስቡት። ንጹሑን ልጅ ብቻ አይቶ የሚንሰፈሰፍ ሰው የሚጠረጠርበት አገር ነው። ከነንፍጡ አንስቶ የሚያቅፍ ግን ዓይኑ አያስፈራም። ተረቷ ከዚህ ተነስታ ቢሆንስ? የእውነተኛ ወዳጅ መፈተኛ ሆናስ ቢሆን? አክስቴ ይህን ስነግራት "ሥራ ፈተሻል" ብላ ሳቀችብኝ። ቢሆንም አልለቀውም።

"ከነ" የምትለውን ደግሞ እዩዋት። ድንች ከነልጣጩ ይቀቀላል፤ ሲበላ ግን ይላጣል። ልጅም ከነንፍጡ ነው የሚታቀፈው፤ ከታቀፈ በኋላ ግን ይጠረጋል። ንፍጡን ተሸክሞ ይኑር ያለ ማን ነው?

ወደ አዳማ ልመለስ። ስለ እናቶች መረዳዳት ሲወራ ሰው ሁሉ የሚጠቅሰው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" የሚለውን ነው። ጥሩ ተረት ናት። ግን ግቢያችን አንበሳ መጥቶ አያውቅም። ንፍጥ ግን በየቀኑ ይመጣል። አንድ ትንሽ ልጅ በዓመት ከስድስት እስከ ስምንት ጊዜ ጉንፋን ቢይዘው የተለመደ ነው ይላሉ ሐኪሞች። ሦስት ልጅ ሲሆን አባዙት። በዚያ ላይ የአዳማ ነፋስ አለ። ኮረብታው ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ የመጀመሪያው 51፣ ሁለተኛው 153 ሜጋ ዋት እንዲያመነጩ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። የሚያሽከረክራቸው ነፋስ አቧራውን ይዞ ወደ እኛ ግቢ ሲወርድ የሚያመነጨውን እኔ ነኝ የማውቀው።

በግቢያችን ዓመት ሞልቷቸው ሁለት ዓመት ያልደረሱ ሦስት ልጆች አሉ። እናቶቻቸው ስማቸውን ካጡ ቆዩ፤ የማሙሽ እናት፣ የሚሚ እናት፣ የኩኩ እናት ነው የሚባሉት። የማሙሽ እናት ልብስ ፋብሪካ በፈረቃ ትሠራለች። የሚሚ እናት እንጀራ ጋግራ ለምግብ ቤት ታስረክባለች። የኩኩ እናት፣ ሽምግልና የተቀመጠላት እሷ ናት፣ ሱቅ ውስጥ ተቀጥራለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ 1156/2011፣ ለወላድ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። ለአባት 3 ቀን። ልጅ ዓመት ሲሞላው እንግዲህ የእናትየው ፈቃድ ካለቀ ዘጠኝ ወር ሆኖታል ማለት ነው። የአባትየውን እናንተ አስሉት።

ሞግዚት የመቅጠር አቅም የላቸውም። ስለዚህ ሳያውቁት ወንፈል ገብተዋል። ከሚሚ እናት በር ጀርባ በከሰል የተሠመረ ሰንጠረዥ አለ፤ ማን በየትኛው ቀን እንደምትይዝ። ጡጦ የየራስ ነው። ትኩሳት ያለው ልጅ ከእናቱ ጋር ይቀራል። ያልበላውን ያስበላች ትናገራለች፤ "አጥሚቱን ጠጥቷል፣ ገንፎውን ተፍቶታል" ተብሎ ይመዘገባል፣ በቃል። ባለፈው የ15 ወሩ የኩፍኝ ክትባት ሲደርስ የማሙሽ እናት ፈረቃ ላይ ነበረች። የሚሚ እናት ሁለቱን ልጆች፣ አንዱን አዝላ አንዷን አቅፋ፣ ካርዶቻቸውን በአንድ ፌስታል ይዛ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ "መንታ ናቸው?" ስትላት "ሊሆኑ ትንሽ ቀራቸው" አለች።

መጀመሪያ አካባቢ ግን ሁሉም ነገር እንዲህ አልነበረም። የኩኩ እናት ግቢው አዲስ ነበረችና አንድ ቀን ማሙሽ ሲመጣላት አፍንጫውን አየችና፣ "ንፍጡ ሲደርቅ ብታመጪው?" አለቻት። የማሙሽ እናት በሯ ላይ ቆማ ቀረች፤ ፈረቃዋ ሊረፍድ ነው። እንጀራ እያወጣች የነበረችው የሚሚ እናት ከምጣዱ ሳትነሳ ጮኸች፦ "አንቺ! ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው! አምጪው ወዲህ!" ኩስትርትር ብላ። እኔ በመስኮት ስሰማ አያቴ የተነሳች መሰለኝ። ከአያቴ ወዲህ ተረቷ በትክክለኛው አፍ፣ በትክክለኛው ሰዓት ስትነገር ሌላ ጊዜ አልሰማሁም። የኩኩ እናትም ከዚያ ቀን ወዲህ በቦርሳዋ ሶፍት አይጠፋም።

ታዲያ ይህችን ሥራ ያላት ተረት ወስዶ ለሰነፍ ባል መሸሸጊያ ማድረግ ነውር ነው። ሰውን አስችሉ፣ አስታርቁ፣ ማን ከለከላችሁ። "ትዳር መቻቻል ነው" በሏት፤ የታወቀ አባባል ነው፣ ራሱን ይበቃል። የሚሚ እናትን ተረት ግን መልሱላት።

ሽምግልናው ካለቀ በኋላ ሁለተኛው ቡና ወረደ። ማሙሽ ዳዴውን ትቶ ቆሞ መሄድ ከጀመረ ሁለት ሳምንቱ ነው። በሩን ተደግፎ ገባ። አፍንጫው እስከ ከንፈሩ ወርዷል። ክፍሉን አንዴ ቃኘና፣ ከሰው ሁሉ መርጦ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ወደ እኒያ ተረት አዋቂ ሽማግሌ አመራ። ነጭ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"የማን ልጅ ነው ይኼ? ኧረ እናቱን ጥሩ!"

እናቱ ፈረቃ ላይ ነበረች። የኩኩ እናት ከተቀመጠችበት ተነሳች፤ ዓይኗ ገና ከእንባው አልደረቀም። ቦርሳዋን ከፍታ ሶፍት አወጣች።