«ፈረስ አጎቴ ነው»፦ የበቅሎዋ መልስና የፖርሽ አባት

ሰሞኑን አንድ ወጣት ስለ ቅንጡ መኪኖች በአማርኛ የሚያወራበትን ቪዲዮ እያየሁ ነበር። ፖርሽ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ይሄ ዘሩ የጠራ ነው! በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደሚባለው፣ ፖርሽም በዘሩ የሚኮራ መኪና ነው» አለ። እዚያው ላይ አቆምኩት። ይህ ተረት ለሙገሳ ሲውል ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። የሚገርመው ግን ልጁ ሳያውቀው ለትክክለኛው መኪና ትክክለኛውን ተረት ጠርቷል፤ የገለበጠው ትርጉሙን ነው።

አባባሉን «እናቴ ፈረስ ናት አለች» ብለው የሚጨርሱትም አሉ። እኔ ያደግኩት «አጎቴ» በሚለው ነው፤ አሁንም እሱን እመርጣለሁ። እናትን መጥራት ቢያንስ ከጥያቄው አጠገብ መቆም ነው። አጎት መጥራት ግን በጓሮ በር ሹልክ ማለት ነው፤ ጨዋታው የሚጣፍጠውም እዚያ ላይ ነው። የላይ ላዩ ፍቺ፣ አባቷ አህያ በመሆኑ ማፈሯ፣ ለማንም ስለማይሰወር አልዘገይበትም። በቅሎ እንዴት እንደምትገኝ ያላየ ሰው ግን የቀልዱ ግማሽ ያመልጠዋል።

አያቴ ዳንግላ አካባቢ አንዲት ዳማ ባዝራ፣ ማለትም ሴት ፈረስ፣ ነበረቻቸው። ፈረስን ከፈረስ ማዋለድ ሥራ አይባልም፤ ሜዳ ላይ ከለቀቋቸው ራሳቸው ይጨርሱታል። በቅሎ ግን የሰው እጅ ካልገባበት አትገኝም ማለት ይቻላል። ለዚህ ደግሞ የሚፈለገው እህል የሚጫነው ተራ አህያ አይደለም፤ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ሲናር የሚሉት ከመተማ በኩል የሚመጣ አህያ ነው። ሲናሩን ገና ውርንጭላ ሳለ ከአህዮች ለይተው ከባዝሮች ጋር ያሳድጉታል። እንደዚያ ካልተደረገ አድጎ ባዝራ ቢያሳዩት ዞር ብሎም አያያት።

ባዝራዋም ብትሆን ኩሩ ናት፤ አህያ ሲጠጋት ትራገጣለች። አያቴ ዓይኗን በአሮጌ ጋቢ ይሸፍኑና እግሯን ጠፍረው ከተዳፋቱ ግርጌ ያቆሟታል። ሲናሩን ከላይ በኩል ያመጡታል፤ አለዚያ ቁመቱ አይደርስም። እኛ ልጆቹ «ሂዱ ከዚህ!» ተብለን ስንባረር ከቁልቋሉ ጀርባ ተደብቀን እናይ ነበር። ነገሩ ሲያበቃ የሲናሩ ባለቤት ዋጋውን በመቀነቱ ቋጥሮ አህያውን እየነዳ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ በግቢው ውስጥ ስለ አባትየው አንድ ቃል የሚተነፍስ አይገኝም።

ዓመት ገደማ ቆይታ ስትወልድ ጎረቤቱ ሁሉ ሊያይ ይመጣል። አንገቷ የእናቷ ነው፣ ሽንጧም የእናቷ ነው። ጆሮዋስ? ጆሮዋ ገና እርጥቡ ሳይደርቅ አባቷን ይናገራል። አያቴ ግን እንግዳ በመጣ ቁጥር እጃቸውን ሽንጧ ላይ አድርገው «እናቷን ነው የመሰለችው» ይሉ ነበር። ሁሉም «አዎ፣ እናቷን ነው» ይላል። አድጋ ገበያ ስትወጣም ገዢው «እናቷ ሰጋር ናት ወይ?» ብሎ አካሄዷ ለስላሳ መሆኑን ይጠይቃል። አባቷን የጠየቀ ሰው በዚያ ገበያ አላየሁም።

ያን ሁሉ ድካም የሚያደክመው ዋጋዋ ነው። ደህና ሰጋር በቅሎ ከፈረስ በላይ ትሸጣለች። ካህኑ የሚሄደው በበቅሎ ነው፣ ሙሽራይቱ የምትጫነው በበቅሎ ነው፤ ሹሙም ዘመቻ ሲወርድ በበቅሎው ተቀምጦ ፈረሱን ከፊት ያስስበው ነበር። ግላስ የለበሰች ሰጋር በቅሎ የዚያ ዘመን ቅንጡ መኪና ናት። አዲስ አበባ እንኳ በቅሎ ቤት የሚባለውን ሰፈሯን እስከ ዛሬ በስሙ ትጠራዋለች፤ የአህያ ውርንጭላ ናት ብሎ በቅሎን የናቀ መኳንንት ግን ተሰምቶ አያውቅም።

ስለ አባባሉ አመጣጥ የራሴ ግምት አለኝ፤ ማስረጃ አምጣ የሚለኝ ካለ ከአያቴ የሙግት ወሬ ሌላ የማቀርበው የለኝም። እኔ እንደሚመስለኝ ይህ ተረት የተወለደው በረት ውስጥ አይደለም፣ ችሎት ላይ ነው። በጎጃም የርስት ሥርዓት ሰው መሬት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ነበር። አቅኚው አባት ድረስ ትውልዱን ቆጥሮ «በእናቴ እናት በኩል የእገሌ ልጅ ነኝ» ብሎ ያስመሰከረ ሁሉ ድርሻ ይገባዋል። ስለዚህ ተሟጋች የሚያዋጣውን ሐረግ መርጦ ይቆጥራል፤ የማያዋጣውን ሐረግ ደግሞ ይዘለዋል። ባላጋራው ጎበዝ ከሆነ የሚይዘው የተዘለለው ቦታ ላይ ነው። ዛፍ ሥር በላ ልበልሃ ተብሎ ሲፋጠጡ፣ «የእናትህን ወገን ሰማን፤ አባትህስ ማነው?» ይለዋል። ያኛውም በአካባቢው የተፈራ ዘመዱን ስም ይጠራል። ችሎቱ ይስቃል። አንድ አፈኛ ሽማግሌ ከዳር ሆኖ የበቅሎዋን ነገር ጣል ያደርጋል። በዚያ አገር እያንዳንዱ ተሰብሳቢ ባዝራና ሲናር ሲገናኙ ስላየ ማብራሪያ አላስፈለገም።

በዚህ ዓይን ሲታይ በቅሎዋ አልዋሸችም። ፈረስ የእናቷ ወንድም ነው፤ አጎቷ መሆኑን ማንም ዳኛ ይፈርድላታል። ሕጉም በእናት በኩል መቁጠርን ይፈቅዳል። ተረቱን ከተራ የውሸታም ተረት የሚለየው ይህ ነው፤ ከተናገረችው አንዷን እንኳ ሐሰት ናት ማለት አይቻልም፣ የተጠየቀችውን ግን አልመለሰችም።

ርስቱ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ቀረ። በዚያው ዓመት መስከረም 2 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ የቀረበላቸው መኪና ቮልስ ነበር። ግቢው ያን ሁሉ ትልልቅ መኪና ይዞ፣ እሳቸው ወንበሩ ታጥፎ ከኋላ በሚገባበት ቮልስ ወጡ። ዛሬም ያን ቀን የሚያስታውስ ሰው የአዋጁን ቃል ቢረሳ ቮልሷን አይረሳም። ቮልስ በመኪኖች መካከል ያለው ማዕረግ አህያ በጋማ ከብት መካከል ያለውን ነው፤ ሁሉ ይገለገልበታል፣ ማንም አይኮራበትም። የፖርሽ አባት እሱ ነው።

ፈርዲናንድ ፖርሽ እ.ኤ.አ. በ1875 ዛሬ ቼክ በሆነው በቦሂሚያ ተወለደ፤ በ1931 ሽቱትጋርት ላይ የራሱን የንድፍ ቢሮ አቋቋመ። በ1934 በሂትለር መንግሥት ፍላጎት ተራው ሠራተኛ ሊገዛው የሚችል መኪና እንዲነድፍ ውል ተሰጠው፤ ቮልስ የዚያ ውል ልጅ ነው። ፋብሪካው በጦርነቱ ዘመን ለሠራዊቱ መኪና ያመርት ነበር፤ በግዳጅ የመጡ ሠራተኞችም ጉልበታቸው ተበዝብዞበታል። ጦርነቱ ሲያበቃ ፈረንሳዮች ሽማግሌውን አስረው እስከ 1947 አቆዩት። ልጁ ፌሪ በኦስትሪያዋ ግሙንድ፣ በአንድ የእንጨት መሰንጠቂያ ግቢ ውስጥ የቀሩትን መሐንዲሶች ይዞ በ1948 የፖርሽን ስም የያዘውን 356 የተባለ መኪና አወጣ። ቆርቆሮውን ገልጣችሁ ብታዩት ሞተሩ የቮልስ ነው፣ ካምቢዮው የቮልስ ነው፣ መሪው የቮልስ ነው። ጉልበቱ 35 ፈረስ ነበር። መቼም ጉልበት የሚቆጠረው በፈረስ ነውና እዚህ ላይ አጎት መጥራቱ አይፈረድበትም።

በ1952 ግን ለመኪናው አርማ አስፈለገው። ሽቱትጋርት ከጥንት ፈረስ በማርባት የተነሳች ከተማ ስለሆነች በከተማዋ አርማ ላይ ፈረስ አለ። ፖርሽም ፈረሱን ወስዶ ከቩርተምበርግ ግዛት የአጋዘን ቀንድ ጋር አዋህዶ ደረቱ ላይ ለጠፈ። እስከ ዛሬ ከፊት ኮፈኑ ላይ የምታዩት እሱ ነው። በቅሎዋ ፈረስ አጎቴ ነው ያለችው ተጠይቃ ነው፤ ይሄ ሳይጠየቅ ተናገረ።

ጆሮው ግን አልተደበቀም። 911 የተባለው ታዋቂ ሞዴል በ1963 ፍራንክፈርት ላይ ሲታይ ስሙ 901 ነበር፤ የፈረንሳዩ መኪና አምራች ፔዦ መሐሉ ዜሮ የሆነ ቁጥር የእኔ ነው ብሎ ስለተከራከረ 911 ሆነ። ስድስት ሲሊንደርና 130 የፈረስ ጉልበት ነበረው፤ ከቮልስ አራት ሲሊንደር ጋር ሲታይ ሌላ ዓለም ነው። ሞተሩ ግን እንደ ቮልስ ከኋላ ተቀመጠ፤ የሚቀዘቅዘውም እንደ ቮልስ በአየር ነበር፣ ያውም እስከ 1998። ዕድሜውን ቮልስ ሲፈታ የኖረ የአራት ኪሎ መካኒክ ያን ድምፅ ከሩቅ ቢሰማ ዘመዱን ያውቀዋል።

ዝናው ግን ተሠርቶ የተገኘ መሆኑን መካድ አይገባም። በ1951 ያ የቮልስ ልጅ ለ ማን በተባለው የፈረንሳይ የመኪና እሽቅድምድም ላይ በአነስተኛ ሞተር ምድብ አንደኛ ወጣ። በ1970 ደግሞ 917 የተባለው ፖርሽ አጠቃላዩን ውድድር አሸነፈ፤ ድርጅቱ እዚያ ሜዳ ላይ ያገኘው ጠቅላላ ድል ዛሬ 19 ደርሷል። ሰጋር በቅሎ በግልቢያዋ እንጂ በጆሮዋ አትመዘንም።

እኔን የሚያስቁኝ አድናቂዎቹ ናቸው። በ1969 ከቮልስ አምራቹ ከቮልስዋገን ጋር በጋራ የተሠራው 914 ሲወጣ «ይሄማ ፖርሽ አይደለም» አሉ። በ1976 መጀመሪያ ለቮልስዋገን ታስቦ የነበረው 924 ሲመጣ እንደገና አሉ። በ2002 ከቮልስዋገን ቱዋሬግ ጋር አንድ አጥንት የሚጋራው ካየን ሲወጣ ጩኸቱ ባሰ። ያ ካየን ደግሞ ድርጅቱን በገንዘብ ያጠገበ መኪና ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነው ተረት ይመስላል፤ ፖርሽ ቮልስዋገንን ልግዛ ብሎ ተነሳና ዕዳ አንቆት በ2009 ግማሹን ያህል ለቮልስዋገን አስረከበ፣ በ2012 የቀረውን ጨመረ። በቅሎዋ አህያውን ልትገዛ ገበያ ወጥታ ራሷ ተሸጣ ገባች።

እስካሁን ያልኩት የሚያስቅ ነው፤ የማያስቀውም አለ። ያ የ1931 ቢሮ ሲቋቋም መሥራቾቹ ሦስት ነበሩ፤ ፈርዲናንድ ፖርሽ፣ አማቹ አንቶን ፒየሽና አዶልፍ ሮዘንበርገር። ሮዘንበርገር የፎርትስሃይም ሰው፣ የታወቀ የእሽቅድምድም ነጂ ነበር፤ ገንዘብም አገባ፣ ይሁዲም ነበር። በ1935 ድርሻውን ከዋጋው በታች ለቆ እንዲወጣ ተደረገ፤ በዚያው ዓመት የናዚ ምስጢራዊ ፖሊስ የሆነው ጌስታፖ ይዞ ኪስላው በተባለው የማጎሪያ ካምፕ አሰረው። ተፈትቶ ተሰደደ፣ በመጨረሻም አሜሪካ ገብቶ ስሙን ለውጦ ኖረ። ከጦርነቱ በኋላ ድርሻዬን ብሎ ከሰሰ፤ በ1950 በሽምግልና 50 ሺህ ማርክና አንድ መኪና ተሰጠው። ፖርሽ ወይም ቮልስ ምረጥ ሲሉት ቮልስን መረጠ። ስሙ ከድርጅቱ ታሪክ ለረጅም ዘመን ተዘለለ። አባትህ ማነው ሲባል በሽቱትጋርት የሚዘለለው አህያው ብቻ አልነበረም ማለት ነው።

ወደ አባባላችን ስመለስ፣ ከዚያ ቪዲዮ የባሰ አጠቃቀም በየቀኑ እየሰማን ነው። እናትና አባቱ ከተለያየ ብሔር የሆኑትን ሰው «በቅሎ» ብሎ ለመስደብ፣ እናቱ ብቻዋን ያሳደገችውን ልጅ ለማሸማቀቅ ይህን ተረት የሚመዝ አለ። ነውር ነው፤ ተረቱንም አለማወቅ ነው። ይህ አባባል የተፈጠረው በቅሎ ከፈረስ በላይ በሚሸጥበት አገር ነው፤ ባላገሩ እሷን ለማግኘት ዓመት ሙሉ የሚደክም ሰው ነበር። አወላለዷን ሊነካ አልተተረተም። የሚነካው ተጠይቃ ሌላ መመለሷን ነው፤ እሱን ለመንካት ደግሞ የሰው እናትና አባት መፈለግ አያስፈልግም። የተረቱን ትክክለኛ ቦታ ማየት የፈለገ ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ደላላ ፊት ይቁምና፣ «ወንድሜ፣ ይቺ መኪና ተጋጭታ ታውቃለች?» ብሎ ይጠይቅ። ደላላው ኮፈኗን በመዳፉ መታ መታ አድርጎ፣ «ባለቤቷ እኮ ዶክተር ናቸው» ይለዋል።